የግራው ስፒከር

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ወርዶ የግቢውን ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ መዋጥ ሲጀምር፣ ይትባረክ የኋለኛውን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ ሲባጎውን ያወጣ ነበር። የሲባጎውን አንድ ጫፍ በቀኙ ስፒከር፣ ሌላውን በግራው ላይ ይይዝና፣ መልሶ ከሁለቱም ወደ ወንበሩ ይስበዋል፤ ሦስቱም ርቀት እኩል እስኪሆን ድረስ ጠረጴዛውን በጣት በጣት ይገፋል። ከዚያ በርከክ ብሎ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሽ ክቦች ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር መስተካከላቸውን ያያል፤ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ያርቃቸዋል፣ ያቀርባቸዋል፣ እንደገና ያርቃቸዋል። ክፍሉ ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር። አሁን በየግድግዳው የተንጠለጠሉት ወፋፍራም ባናዎች የክረምቱን እርጥበት ጠጥተው የበግ ጠረን ይተፋሉ፣ በየጥጉ የቆሙት የጭድ ፍራሾች የእግር ኮቴን ሳይቀር ይውጣሉ፣ ከካርቶን የወጣው አዲስ ዕቃ ደግሞ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ይትባረክ ይህን ሥራ ይወደዋል። የዓይንና የእጅ ሥራ ነው፤ ጆሮ አይጠይቅም።

ጆሮማ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ፕራግ ከተማ የድምፅ ቀረጻ ተምሮ፣ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ግራ ጆሮው ጭጭ ብሎ አገኘው። ሐኪሞቹ ነርቩ ሞቷል፣ አይመለስም አሉት። ለማንም አልተናገረም። ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ሰው ለቀቀና፣ ደሴ ለምትኖረው አክስቱ ደውሎ አገሬ ላይ ስቱዲዮ ልከፍት ነው አላት፤ ሰፈሩም ኢንጂነሩ መጣ ብሎ ተቀበለው። ከመጣ ጀምሮ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ በቀኙ እንዲሆንለት የአግዳሚውን ጫፍ ይሻማል። በግራው በኩል የሚያናግረው ካጋጠመው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጆሮ ያለው የድምፅ ኢንጂነር! ይህን ባሰበ ቁጥር፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦም እንኳ፣ ፊቱ ይግላል።

ስፒከሮቹን የሚያውሰው እንድሪስ ነው። ፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ «ውሰድ፣ ሞክረው፣ ካልተስማማህ መልሰህ ሌላ ውሰድ፤ ሚስት አይደለ» ይለዋል። ይትባረክም መምረጥ ነበረበት። የቤት ቴፕ ደግ ነው፤ የሳሳውን አወፍሮ፣ የሻከረውን አለስልሶ ያሰማል። የስቱዲዮ ስፒከር ግን ያለውን እንዳለ ማሳየት አለበት፤ ሰውን መሸንገል የለበትም። የሚሸነግለውን ከማይሸነግለው ለመለየት ደግሞ አንድ ሰው እንደ ገዛ መዳፉ የሚያውቀው ድምፅ ያስፈልገዋል። ይትባረክ እንዲህ የሚያውቀው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር።

እናቱ ስትሞት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ የሺመቤት፣ እሱ እቴቴ የሚላት፣ በሰፈሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። ድንኳን ውስጥ ተነስታ የመጀመሪያዋን ስንኝ ስትጥል፣ ሊያስተዛዝን ብቻ የመጣ ጎረቤት ሳይቀር የራሱን ሟች አስታውሶ ይንሰቀሰቃል። ይትባረክ ጓዳ ገብቶ ሲጠይቃት ምስር እየለቀመች ነበር።

«ሙሾ?» አለች እጇን ከሰፌዱ አንስታ። «ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተ፣ እቴቴ። ለሙከራ ነው።»

«ሙሾ ይሞከራል እንዴ? እነዚያ ፈረንጆች አስተማሩህ ወይስ የምታውቀውንም አስረሱህ?»

ሳቀ። «ድምፅሽን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ድምፄን ከሆነ የሠርግ ዘፈን ልበልልህ። እሹሩሩ ልበልልህ፣ ሲበርድህ እንደዚያ ነበር የማስተኛህ። ሙሾ ግን ባለቤት አለው። ስም ሳይጠሩ አይወረድም፤ ስሙ የተጠራ ደግሞ...» ሳትጨርሰው አማተበችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

የሠርግ ዘፈን ጭብጨባ አለው፣ እልልታ አለው፣ ከዚህም ከዚያም ይመጣል፤ አንድ ጆሮ ይጠፋበታል። ሙሾ ግን አንድ ድምፅ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ብቻውን የሚቆም። ይህን ምክንያት ሊነግራት አልቻለም። «ለኔ ስትይ» አላት፣ ልጅ ሆኖ የማይገባውን ነገር ሲጠይቅ ያወጣው በነበረው ድምፅ። እሷም ያኔ እምቢ ማለት እንደማይሆንላት ሁሉ አሁንም አልሆነላትም።

ሁለት ማይክ ተከለ። አንዱን ከአፏ ፊት፣ ሌላውን የክፍሉን ድባብ ለግራው ስፒከር እንዲይዝለት ከራሱ ግራ ትከሻ ኋላ። እቴቴ ነጠላዋን ደርባ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ማይኩን አየችው፣ ግን ፊቱ አልቆመችም። መቅረጽ እንደጀመረ ዞራ በግራው በኩል መጣችና ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ የሆነ ነገር ተናገረች። ትንፋሿ አንገቱን ሞቀው፤ የነጭ ሽንኩርትና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ሸተተው። አንዲት ቃል አልሰማም። ምን አልሽኝ ማለት ቀላል ነበር። ግን አንዴ ምን አልሽኝ ካለ ደግማ እዚያው ጆሮ ላይ ትነግረዋለች፣ እንደገና ምን ይላል፣ ከዚያ ታውቃለች። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አዎ፣ እቴቴ። ጥሩ ነው። እንደሱ አድርጊው።»

ቀና ብላ ወደ ፊቱ መጣች። መናኸሪያ ላይ ቆሞ አውቶቡስ እንደሚሸኝ ሰው አየችው፣ ቶሎ ዓይኗን አላነሳችም።

«እሺ» አለች። «አንተ ካልክ።»

ከዚያ አወረደችው። ድምጿ ከደረቷ ሥር ተነስቶ ባናዎቹን አልፎ የቆርቆሮውን ጣራ ያንቀጠቀጠው መሰለው። በየስንኙ መጨረሻ፣ ስሙ በሚገባበት ቦታ፣ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች አለፈችው። ፈርታ ነው፣ አለ በልቡ፤ ባዶውን ተወችው። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ስፒከሮች ትላልቅ፣ ጥቁር፣ ሆዳቸው የሚያጓራ ነበሩ። እንድሪስ ሊያያቸው መጣና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ይትባረክ ግራ ትከሻውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«እስቲ ልቅሶህን አሰማኝ» አለ እንድሪስ። «ሰው ስቱዲዮ ሲከፍት ዘፈን ያስቀድማል፣ አንተ በሬሳ ጀመርክ።»

ይትባረክ መጀመሪያ ያለውን ኮሽታ ዘልሎ ከሙሾው አስጀመረለት። እንድሪስ ለትንሽ ጊዜ ራሱን እያወዛወዘ አዳመጠ፤ ከዚያ መወዛወዙን ተወ። ወደ ግራው ስፒከር ጠጋ አለ።

«እነዚህ ከኋላ የሚቀበሏት ሴቶች እነማን ናቸው?»

እቴቴ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ይትባረክ ይህን ያውቃል። ግን ከግራው ስፒከር የሚመጣ ወፍራም ድምፅ ዞሮም ቢሆን ቀኝ ጆሮው ይደርሳል እንጂ፣ ቀጭኑ ነገር፣ ሹክሹክታው፣ ትንፋሹ፣ ራሱ ጭንቅላቱ ላይ ተጋርዶ እንደሚቀርም ያውቃል። እንድሪስ የሚሰማውን እሱ እንደማይሰማ ለመሸፈን ቸኮለ።

«ጎረቤቶች ናቸው።»

«ብዙ ናቸው» አለ እንድሪስ፤ ቀልድ አላስከተለበትም።

ብቻውን ሲሆን ወንበሩን አዙሮ ደህናውን ጆሮ ወደ ግራው ስፒከር ማቅረብ ይችል ነበር። አላደረገውም። ምን ያህል እንደጎደለበት በዓይኑ ማየት እንደማይፈልግ ቁስለኛ፣ ፋሻውን ሳይፈታ ተወው። ስፒከሮቹ ያጓራሉ ብሎ መለሳቸውና ሌሎች አመጣ።

በዚያ ሰሞን ነው እቴቴ የራቀችው። መጀመሪያ ድምጿ የሻከረ መሰለው፤ ጉንፋን ነው አለ። ቀጥሎ ከጓዳ ስትጠራው አልሰማ አለ፤ ዞር ሲል በሩ ላይ ቆማ አፏ ሲንቀሳቀስ ያያታል፣ የሚደርሰው ግን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው የድምፅ ጭላንጭል ነው። አንድ ጠዋት የድስት ክዳን ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ አየ። ተንከባለለ፣ ተሽከረከረ፣ እግሩ ሥር መጥቶ ተኛ። ድምፅ አልነበረውም። ደህናው ጆሮም መሄዱ ነው። ወደ ውጭ ወጥቶ እጁን አጨበጨበ፤ ሰማው። ጣራው ላይ የሚንጣጣው ዝናብ ይሰማል፣ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ የጎረቤት ውሻ ይሰማል። የማይሰማው እሷን ብቻ ነበር። ይኼኛው ጆሮ እንደ ግራው በአንዴ አይጠፋም፣ እየመረጠ ነው የሚጠፋ፣ ብሎ ራሱን አሳመነ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት መልሷን መስማት ይኖርበታል። ስለዚህ አልጠየቃትም። ምግብ ስታቀርብለት ከንፈሯን እያየ፣ በሆነ ባልሆነው «አዎ፣ እቴቴ» ይላል፤ እሷም በለሰለሰ ዓይን አይታው ትሄዳለች፤ ነጠላዋ አይንኮሻኮሽም፣ እግሯ መሬቱን የረገጠ አይመስልም።

ሁለተኛዎቹ ስፒከሮች አነስ ያሉ፣ ጥርት ያሉ ነበሩ። የእቴቴ ድምፅ በእነሱ ውስጥ ወዲህ ቀርቦ፣ ወፍሮ፣ ምራቋን ስትውጥ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ሕያዋ እቴቴ ከጀርባው ያለች መስሎት ዞረ፤ እውነትም በሩ ላይ ቆማለች፣ ደረቷን በእጇ ይዛ፣ ከዚያ ከሣጥን ውስጥ የሚወጣውን የራሷን ድምፅ ሰው ዕቃው ሲወሰድበት እንደሚያየው እያየች። ስፒከሩን አጠፋው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሷም አልነበረችም።

እንድሪስ በማግስቱ መጣ፣ ግን አልተቀመጠም። ጃንጥላውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ሆኖ ሰማ።

«በዚህኛው ስሙ በደንብ ይሰማል» አለ።

ይትባረክ ከባዶው ትንፋሽ በቀር ምንም ስም ሰምቶ አያውቅም። «አዎ፣ ይሰማል» አለ።

«ሴቶቹ ናቸው የሚጠሩት። እሷ ስታቆም እነሱ ይጠራሉ።»

«አዎ።»

«ይትባረክ፣ እያወቅህ ነው?»

እንድሪስ ያወቀበት መሰለው፤ ይኼ ሁሉ ጥያቄ ጆሮውን ለመፈተን መሰለው። ድምፁን ኮስተር አድርጎ፣ «እኔው ነኝ እንደዚያ አድርጊ ያልኳት» አለ።

እንድሪስ አይቶት እንደማያውቅ ሰው አየው። ጃንጥላውን ሳይከፍት በዝናቡ ውስጥ ሄደ። በሚቀጥለው ቀን ይትባረክ ሱቁ ሲሄድ ከጀርባ ያስቀመጣቸውን፣ ለማንም የማያውሳቸውን ስፒከሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገለት።

«እነዚህ አይሸሽጉም» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «ከእነሱ በኋላ ሌላ አትጠይቀኝ።»

ሦስተኛዎቹ ስፒከሮች ሲተከሉ ጉሙ ግቢውን ሞልቶ በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ብቻ ነበር። ባናዎቹ ከባድ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሸተቱ። ይትባረክ ሲባጎውን ሳያወጣ አጫወተው። ምንም ሽንገላ የላቸውም፤ ክፍሉን ሁሉ ጠርገው ድምጿን ብቻ አቆሙት። ባዶው ቦታ ሲደርስ ስፒከሩ ሳይሆን አየሩ ራሱ ትንፋሹን የያዘ መሰለው፤ ከግራው በኩል ፀጉሩን ቀዝቃዛ ነገር ነካው፣ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ እንደተነፈሰ።

«ቤቶች» አለ ከውጭ የሴት ድምፅ። የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፤ እርጥብ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ እያራገፉ። «የሺን ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ትናንት ለቅሶ ላይ አጣናት። እሷኮ ታማም አትቀርም።»

«ደህና ናት፣ እትዬ። አሁን ጠዋት ቁርስ ሰጥታኛለች። ግቡ።»

ገቡና ድምፁን ሰሙት። ቆመው ቀሩ። ባዶው ቦታ ሲደርስ እጃቸው አፋቸው ላይ ወጣ። ይትባረክን ሳያዩት ዞረው ወደ ዋናው ቤት ሄዱ፤ ሲፈጥኑ፣ የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት በቀኝ ጆሮው ሰማ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማም። ሲመለሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። መጥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይዞህ፣ ልጄ» አሉ። «እግዜር ያጥናህ።»

«ምን ሆንኩ?»

«ብቻዬን አልነግርህም። እዚሁ ቁጭ በል። የትም እንዳትሄድ፤ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ጉሙ ዋጣቸው። ይትባረክ የነጠላቸውን መዘቅዘቅ ከትናንቱ ለቅሶ ቆጠረው፤ ፊቱ እስከ አንገቱ ጋለ። ነግራቸዋለች። እቴቴ ደርሳበት ኖሯል፣ ከንፈር ከንፈሯን ሲያይ ገብቷታል፣ ጓዳ ሆነው ተመካክረውበታል፤ አሁን የእድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ስለ ጆሮው ሊያጽናኑት ነው። እንደ ድሀ ልጅ መሀል አስቀምጠው ሊያዝኑለት። እፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠ። እስቲ ምን ያህል ነው የጎደለኝ፣ አለ፤ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ አዞረው፣ ቀኝ ጆሮውን ከግራው ስፒከር ፊት ለፊት አደረገ፣ ቅጂውንም ሁልጊዜ ከሚዘለው ከመጀመሪያው አስነሳው።

የበር መዘጋት። የነጠላ መንኮሻኮሽ። ከዚያ ከትከሻው ኋላ ያለው ማይክ የያዘው፣ ቅርብ፣ ሞቅ ያለ ሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ በሰው ስም ማውረድ ግፍ ነው፤ የተጠራው አይተርፍም። ፈጥሬ ልጥራ ብልም ያ ስም ያለው ሰው አይጠፋም። እምቢ እንዳልልህ ደግሞ ፊትህን አላስችል አለኝ። እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። በራሴ ስም ላውርደው? ሰምተኸኛል? እሺ ካልከኝ ነው የማደርገው።»

የራሱ ድምፅ ተከተለ፣ ደስ ያለው፣ ጥርት ያለ፦ «አዎ፣ እቴቴ። ጥሩ ነው። እንደሱ አድርጊው።»

ከዚያ ሙሾው፣ አሁን ባዶው ቦታ ባዶ አልነበረም። እሷ ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ከግድግዳው ጥግ ብዙ ሴቶች፣ አሮጊትም ወጣትም፣ በአንድ ድምፅ ስሟን ይሰጧታል፦

«ለሰው ስታለቅሺ የኖርሽው — የሺ!
ዛሬ ለራስሽ ነው፣ ድምፅሽን አንሺ።»

ገመዱን ነቀለው። ወንበሩ ከኋላው ሲወድቅ ሰማ፤ በዋናው ቤት በኩል ሳይሆን በግቢው ሮጠ። እቴቴ ከደጁ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ጉሙን እያየች። አለች። ደህና ናት። እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እቴቴ፣ አልሰማሁሽም» አለ። «ያን ቀን አልሰማሁሽም። ግራው ጆሮዬ አይሰማም፣ ከመጣሁ ጀምሮ አይሰማም። አፍሬ ነው። ምን እንዳልሽኝ ሳላውቅ ነው እሺ ያልኩሽ። በእግዚአብሔር፣ መልሺው። እንዴት እንደሚመለስ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ለማንም ያልተናገረውን ተናግሮ ሲጨርስ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ቀስ ብላ እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ ክብደት አልነበረውም። የግቢው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከፊት፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የእድሩን ድንኳን እንጨት የተሸከሙ ሰዎች ከጉሙ ወጡ። መደቡን አለፉት። ማንም እቴቴን ሰላም አላላትም፤ ዓይናቸው ያረፈው እሱ ላይ ብቻ ነበር፣ ብቻውን መሬት ላይ ተንበርክኮ። ሴቶቹ ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ፣ የመጀመሪያውም ጩኸት ከዚያ ተሰማ።

ይትባረክ ቀና አላለም። ደህናውን ጆሮ ወደ ከንፈሯ አስጠጋ፣ እሷም እንዳስለመደችው ጎንበስ አለችለት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በቀኝ በኩል የሰማው ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ ብቻ ነበር፣ «አሁንስ ሰማኸኝ፣ ልጄ?» የሚለው ጥርት ያለ ድምጿ የመጣው ግን በሞተው ጆሮው ነበር።